ነጭ የደም ሕዋሳት ባዕድን እንዴት ያውቃሉ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፤ በሳይንስ ክበብ አባላት ለተማሪዎች፤ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



የክበባችን አባላት ለዚህ ቀን ስለ ምን እንናገር ብለን በተማከርን ጊዜ፤ አንዳንዶቻችን ስለ ጨረቃ ጉዞ፤ አንዳንዶቻችን ስለ ኤሌክትሪክ እንናገር ብለን ነበር። በመጨረሻ ግን ሁላችንም በአንድ ነገር ተስማማን፤ ይኸውም እያንዳንዳችን ተሸክመነው ስለምንዞረው፤ ነገር ግን አይተነው ስለማናውቀው ስለ ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ሳይንሱ ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በሠፈራችን ውስጥ ከአንዲት የቡና ሲኒ ጋራ የተያያዘ ምክንያት አለን። እርሱን በኋላ በቦታው እንነግራችኋለን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር፤ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

እንግዲህ ከደም እንጀምር። ደም በዓይን ሲያዩት አንድ ዓይነት ቀይ ፈሳሽ ይመስላል። ነገር ግን አንዲት ጠብታ በመስታወት ላይ በስሱ ተቀብታ፤ በቀለም ተነክራ፤ በማይክሮስኮፕ ሥር ብትታይ ሌላ ዓለም ትገልጣለች። በቤተ ሙከራችን ባየናት ጊዜ መጀመሪያ የታዩን ክብ ክብ ሆነው የተበተኑ ቀይ ሕዋሳት ነበሩ። እነርሱ ከሳንባ አየር ተቀብለው ወደ መላው አካላት የሚያደርሱ ናቸው። ነጩን ለማግኘት ግን ብዙ መቶ ቀይ ሕዋሳት ማለፍ ነበረብን። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህል ቀይ ሕዋሳት ሲኖሩ፤ በጤነኛ ሰው ዘንድ የነጮቹ ቍጥር ከ4,000 እስከ 11,000 ብቻ ነው። በመጨረሻ አንዱን ስናገኘው፤ በመካከሉ በወይን ጠጅ ቀለም የተነከረ አስኳል ይዞ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ይህ ብቻውን የቆመ ዘበኛ ነው» አለ፤ ቃሉም እውነት ሆኖ ተገኘ።

ነጭ ሕዋሳት ዘበኞች መሆናቸውን ከገለጡት ሰዎች አንዱ ሩሲያዊው ኢሊያ ሜችኒኮፍ ነው። ይህ ሰው በ1882 በኢጣልያ አገር በሜሲና ከተማ ተቀምጦ ሳለ፤ ሰውነቱ እንደ መስታወት የሚያሳይ አንድ ትንሽ የባሕር ፍጥረት ወስዶ እሾህ ወጋበት። በማግሥቱ ጧት ቢመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ከያሉበት መጥተው እሾሁን ከበውት አገኘ። ከዚህም ተነሥቶ፤ በእኛም ሰውነት ውስጥ ባዕድ ነገር ሲገባ ነጭ ሕዋሳት ከበው ይውጡታል አለ። ስለዚህም ሥራው ከጀርመናዊው ከፓውል ኤርሊክ ጋራ የ1908ን የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ነገር ግን ነጭ ሕዋሳት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ ያገኙትን ባዕድ ወዲያው የሚውጡ ናቸው። ሌሎቹ ሊምፎሳይት የሚባሉት ግን ሥራቸው ማወቅና ማስታወስ ነው። የዛሬው ንግግራችንም ስለ እነዚህ ስለ ሁለተኞቹ ነው።

ሊምፎሳይት የሚያውቀው እንዴት ነው? ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በበጋ ወራት የጨፋን ሜዳ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሌላው አገር ሣሩ ሲደርቅ በቦርከና ዳር ያለው ሜዳ ግን እርጥብ ስለሚሆን፤ ከቅርብም ከሩቅም ከብት ይወርድበታል። ለእንግዳ ሰው ሜዳው የሞላው በአንድ መንጋ ይመስለዋል። እረኛው ግን ቀና ብሎ አንድ ጊዜ ሲያይ የራሱን ከሌላው ይለያል፤ በጆሮዋ ቅድ፤ በጭኗ ላይ ባለው ምልክት፤ በቀንዷ አቀማመጥ ያውቃታል። ከመንጋው መካከል ያልታወቀች አንዲት ጊደር ብትገባ ወዲያው «ይህች የማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛም ሕዋሳት በላያቸው ላይ እንዲህ ያለ ምልክት አላቸው። ሊምፎሳይትም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየዞረ ምልክቱን ይዳስሳል፤ የራሱ የሆነውን ያልፈዋል፤ ባዕድ የሆነውን ሲያገኝ ግን ይነቃል።

አሁን አንድ ተማሪ «ይህን ማን አየው? በሰውነት ውስጥ የተሸሸገ ነገር አይደለም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም የሊቃውንቱ ጥበብ ይህን ነገር ከሰውነት አውጥቶ በብልቃጥ ውስጥ ማሳየት መቻሉ ነው።

የዚህ ጥበብ አጀማመር ለእኛ ገበሬ ልጆች ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ምክንያቱም የተጀመረው በቦሎቄ ነው። ከ1960 በፊት ሊምፎሳይት ያረጀና ከእንግዲህ ወዲያ የማይራባ ሕዋስ እንደ ሆነ ይታሰብ ነበር። በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ ይሠራ የነበረው ፒተር ኖዌል፤ ነጩን ከቀዩ ለመለየት ከቀይ ቦሎቄ የወጣ ቅመም ይጠቀም ነበር። ቅመሙ ቀዮቹን ሕዋሳት እያያያዘ ወደ ታች ስለሚያዘቅጣቸው ነጮቹ ለብቻቸው ይቀራሉ። በ1960 እንደ ገለጠው ግን፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ብልቃጡን ሲመለከት ነጮቹ ሕዋሳት ገዝፈው፤ ለሁለት ለሁለት እየተከፈሉ ይራቡ ነበር። ያንቀላፋ የመሰለው ሊምፎሳይት ለካ የሚቀሰቅሰውን ይጠብቅ ኖሯል!

ከዚህ በኋላ ሊቃውንቱ «ቦሎቄ ከቀሰቀሰው፤ የሌላ ሰው ሕዋስስ ይቀሰቅሰው ይሆን?» ብለው ጠየቁ። በ1964 በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ባርባራ ቤይንና ባልደረቦቿ፤ በአሜሪካም በኒው ዮርክ ፍሪትዝ ባክና ኩርት ሂርሽሆርን፤ የሁለት ሰዎችን ነጭ ሕዋሳት በአንድ ብልቃጥ ውስጥ መቀላቀላቸውንና ያዩትን ጽፈው አወጡ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ከሁለቱ ሰዎች ጥቂት ደም ይወሰዳል፤ እንዳይረጋም መድኃኒት ይጨመርበታል። ነጮቹ ሕዋሳት ከቀዮቹ ተለይተው፤ ስኳርና ጨው፤ ሌላም ለሕዋስ ምግብ የሚሆን ነገር ባለበት ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ይገባሉ። ብልቃጡም የሰውነታችንን ሙቀት ያህል፤ ማለት 37 ዲግሪ በሆነ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አይታይም። ከዚያ በኋላ ግን ትንንሾቹ ሊምፎሳይቶች ይገዝፋሉ፤ አስኳላቸው ይሰፋል፤ መከፈልም ይጀምራሉ። በአምስተኛውና በሰባተኛው ቀን መካከል ነገሩ ከፍ ብሎ ይታያል። መጠኑን ለማወቅ አንደኛው መንገድ የገዘፉትን በማይክሮስኮፕ መቍጠር ነው። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ሕዋስ ሲከፈል የግድ የሚያስፈልገውን ታይሚዲን የሚባል ነገር፤ ጨረር የሚሰጥ ምልክት አድርጎ በብልቃጡ ውስጥ መጨመር ነው። ብዙ የተከፈለ ብዙ ይወስዳል፤ ጥቂት የተከፈለ ጥቂት ይወስዳል፤ መሣሪያውም ጨረሩን ይቈጥራል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ዘመድ ያልሆኑ የሁለት ሰዎች ሕዋሳት ሲቀላቀሉ ነቁ፤ ገዘፉ፤ ተከፈሉ። በአንድ አስኳል የተፀነሱ መንታዎች ሕዋሳት ሲቀላቀሉ ግን አልነቁም፤ ምልክታቸው አንድ ነውና እንደ ራሳቸው ተቈጠሩ። ቀጥሎም ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ሁለት ወገን ሲቀላቀል የነቃው የማን ወገን ነው? ለዚህም ብልኀት ተገኘ። የአንደኛው ሰው ሕዋሳት መከፈል እንዳይችሉ በመድኃኒት ወይም በጨረር ይያዛሉ፤ ምልክታቸው ግን በላያቸው ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በብልቃጡ ውስጥ የተከፈለ ሁሉ የሁለተኛው ሰው ሕዋስ መሆኑ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ፈተና ስናጠና፤ አንድ ጥያቄ በትክክል መጠየቅ ከመልሱ የማያንስ ሥራ መሆኑን ተማርን።

ይህ ነገር ለጨዋታ ብቻ አልቀረም። ኩላሊቱ ለታመመ ሰው የሌላ ሰው ኩላሊት ሲተከልለት፤ የታማሚው ነጭ ሕዋሳት ኩላሊቱን «ይህ የማን ነው?» ብለው ይነሡበታል። በ1954 በቦስተን ከተማ ጆዜፍ መሬይና ባልደረቦቹ ኩላሊት ተክለው ሲሳካላቸው፤ ሰጪውና ተቀባዩ በአንድ አስኳል የተፀነሱ መንታ ወንድማማች ነበሩ። መንታ ለሌለው ሰው ግን ምልክቱ የሚቀርበውን ሰው መፈለግ ያስፈልጋል። ከአንድ አባትና ከአንድ እናት በተወለዱ በሁለት ልጆች መካከል እነዚህ ዋነኞቹ ምልክቶች አንድ የመሆናቸው ዕድል ከአራት አንድ ነው። በብልቃጥ የመቀላቀሉ ፈተና ለብዙ ዘመን ይህን ለመለየት አገልግሏል፤ ዛሬ ግን ምልክቶቹን ከዘር ቅመሙ ላይ በቀጥታ በማንበብ በአብዛኛው ተተክቷል። በአገራችንም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጀምሮ ኩላሊት መትከል ተችሏል። ተቀባዩም ነጭ ሕዋሳቱ እንዳይነሡበት የሚያለዝብ መድኃኒት ሳያቋርጥ ይወስዳል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ መስሎ ታይቷችሁ ይሆናል። አሁን ግን ወደ አገራችን እንመለሳለን፤ የነጭ ሕዋሳት ፈተና በኢትዮጵያ ምድር ትልቅ ሥራ ሠርቷልና። ለዚያ ሥራ ምክንያት የሆነው ሥጋ ደዌ ነው።

ሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ባክቴሪያ በ1873 በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ ያገኘው ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሀንሰን ይባላል። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው በሽታው ከዘር የሚወርድ ነው ይል ነበር። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በሚባለው ሠፈር፤ የሥጋ ደዌ ሕክምና ለብዙ ዘመን ሲሰጥበት በኖረው ስፍራ፤ አለርት የሚባለው ድርጅት በ1965 ተቋቋመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፤ በ1970 ገደማ፤ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶችና በኢትዮጵያ መንግሥት ትብብር በአጠገቡ አንድ የምርምር ቤት ተከፈተ። ስሙም በዚያ ሐኪም መታሰቢያነት የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተባለ። ይህ ቤት ዛሬም አለ፤ የሚተዳደረውም በኢትዮጵያ መንግሥት ነው።

ተመራማሪዎቹ ያስቸገራቸው አንድ እንቈቅልሽ ነበር። ሥጋ ደዌ በሰው ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይታይም። በአንዱ ሰው ላይ አንድ ወይም ጥቂት ነጣ ያለ ቦታ ብቻ ይወጣበታል፤ ቦታው ይደነዝዛል፤ በማይክሮስኮፕ ቢፈለግም ባክቴሪያው አይገኝም ለማለት ይቻላል። በሌላው ሰው ላይ ግን ፊትና ጆሮ ያብጣል፤ በአንድ ግራም ቆዳ ውስጥም እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ ይገኛል። ባክቴሪያው አንድ ሆኖ ሳለ በሽታው እንዴት ሁለት መልክ ሊኖረው ቻለ?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚያ የምርምር ቤት ይሠሩ የነበሩት ኖርዌጂያውያን ሐኪሞች ቶሬ ጎዳልና ቢያርነ ሚርቫንግ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ይህን ጥያቄ ለነጭ ሕዋሳት አቀረቡ። ከልዩ ልዩ ታማሚዎች ደም ወስደው፤ ሊምፎሳይቶቹን ለይተው፤ በብልቃጥ ውስጥ ከሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋራ አገናኟቸው። ባክቴሪያው ግን በላቦራቶሪ ምግብ ላይ እስከ ዛሬ ድረስ አላድግም ያለ ነው፤ ስለዚህ ከታማሚዎች ቆዳ ላይ ተወስዶ መዘጋጀት ነበረበት።

መልሱ ግልጽ ሆኖ መጣ። ጥቂት ምልክት ብቻ የወጣባቸው ሰዎች ሊምፎሳይቶች ባክቴሪያውን ባገኙ ጊዜ ነቁ፤ ገዘፉ፤ ተከፈሉ። ሰውነታቸው በባክቴሪያ የተሞላባቸው ሰዎች ሊምፎሳይቶች ግን ዝም አሉ። ከዚህም የሚደንቀው፤ የእነዚህ ሰዎች ሕዋሳት ፈጽመው የደከሙ አልነበሩም፤ ከሌላ ባክቴሪያ የተዘጋጀ ነገር ሲቀርብላቸው ይነቁ ነበር። የጎደላቸው ይህን አንዱን ባዕድ ማወቅ ብቻ ነበር። እረኛው ጤነኛ ነው፤ ዓይኑም ያያል፤ ነገር ግን አንዲቱን ባዕድ ጊደር የራሱ ናት ብሎ ያሳልፋታል እንደ ማለት ነው። በእነዚህ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል የሚገኙት ታማሚዎች ደግሞ ሕዋሶቻቸው እንደየደረጃቸው በመጠኑ የሚነቁ ሆኑ። ስለዚህ የበሽታውን መልክ የሚወስነው የታማሚው ነጭ ሕዋሳት የሚሰጡት መልስ መሆኑ ታወቀ።

ከዚህም በላይ ለእኛ የሚጠቅመን ሌላ ፈተና አለ። ጎዳልና ነጋሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 ያሳተሙት ነው። እነርሱ ደግሞ የመረመሩት ታማሚዎችን ሳይሆን፤ ከታማሚዎች ጋራ የሚውሉ ጤነኞችን ነው። ከታማሚዎች ጋራ በሥራ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች ደም በብልቃጥ ሲፈተን፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሰዎች ሊምፎሳይቶች ባክቴሪያውን አውቀው ነቁ። ሰዎቹ ግን አልታመሙም። የዚህ ትርጓሜው ምንድር ነው? ባክቴሪያው ከብዙ ሰው ዘንድ ይደርሳል፤ ነጭ ሕዋሳት ግን አውቀው፤ ተባዝተው፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ያሸንፉታል ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፤ አንዱ ሊምፎሳይት ተከፍሎ ብዙ ሺህ ሲሆን የማይቻለው ይቻላል። ዛሬም ሐኪሞች ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሥጋ ደዌን በተፈጥሮ የሚቋቋም ነው ይላሉ።

እንግዲህ «የዘር ነው» የሚለው አሳብ ለምን በሰው ልብ ውስጥ እንደ ሰፈረ መረዳት እንችላለን። ባክቴሪያው እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ከገባ በኋላም ምልክት እስኪያሳይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ያህል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሃያ ዓመት ይቆያል። አባት ታሞ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ በልጁ ላይ ቢታይ፤ ጎረቤት «ከአባቱ ወረሰው» ቢል አያስደንቅም። እውነቱ ግን ልጁ የወረሰው ቤቱን ነው፤ በሽታው ያገኘውም ሳይታከም ከኖረ ሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ ስለ ኖረ ነው። በሽታው የእርግማን ምልክት አይደለም፤ የሰው ኀጢአትም አላመጣውም።

አሁን የቡናውን ሲኒ ነገር እንንገራችሁ።

በሠፈራችን አንድ ሽማግሌ አሉ። የእጃቸው ጣቶች የታጠፉ ናቸው። በልጅነታችን ቡና በተፈላ ጊዜ ለእርሳቸው የሚቀዳበት ሲኒ ለብቻው ነበር፤ ከረከቦቱ ላይ አይቀመጥም፤ ከጓሮ በኩል ከመስኮቱ ሥር ይቀመጥ ነበር። አቦሉም፤ ቶናውም፤ በረካውም በዚያው ሲኒ ይቀዳላቸዋል። እርሱን ሲኒ አውጥተን የምንሰጠውና ታጥቦ ሲመለስ ቦታው የምናስቀምጠው እኛ ልጆቹ ነበርን። በጫፉ ይዘን፤ ክንዳችንን ዘርግተን እናቀብላቸው ነበር። እርሳቸውም ተቀብለው ይመርቁን ነበር። በጨዋታ ሜዳ ላይ ስንጣላ ደግሞ የዚህን በሽታ ስም እንደ ስድብ እንወራወርበት ነበር። ይህን ስናደርግ የከለከለን ማንም አልነበረም፤ እኛም ክፉ ያደረግን አልመሰለንም።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ፤ ያነበብነውን ከእርሳቸው ታሪክ ጋራ ለማስተያየት ወደ ቤታቸው ሄደን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ሳይቀየሙ ነገሩን። መድኃኒቱን ወስደው የጨረሱት እኛ ሳንወለድ ነው። ይህን ስንሰማ ያፈርነውን ኀፍረት አንደብቃችሁም። ምክንያቱም የተማርነው ይህ ነው፤ መድኃኒቱን መውሰድ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ በሽታውን ማስተላለፉ ይቆማል። በሽታውም ሳይታከም ከኖረ ሰው አፍንጫና አፍ በሚወጣ ትንፋሽ፤ ለረጅም ጊዜ በመቀራረብ ይተላለፋል እንጂ፤ እጅ በመጨባበጥ፤ አብሮ በመብላት፤ አጠገብ ለአጠገብ በመቀመጥ አይተላለፍም። ስለዚህ ያቺ ሲኒ በእነዚያ ዓመቶች ሁሉ ማንንም ከምንም አላዳነችም፤ አንድን ሽማግሌ ብቻ ከሰው ለየች። የጣቶቻቸውም መታጠፍ የተፈወሰ ሕመም ጠባሳ ነው እንጂ በሽታው በእርሳቸው ላይ የለም።

ስለ ጠባሳው አንድ ነገር እንጨምር፤ ከነጭ ሕዋሳት ጋራ የተያያዘ ነውና። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚሸሸግበትን ቦታ ያውቃል፤ በነርቭ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ነጭ ሕዋሳት ሲነቁ ሊያጠፉት ወደዚያው ይዘምታሉ፤ በዘመቻውም ነርቩ ራሱ ያብጣል፤ ይጎዳል። ሌባ ከቤት ገብቶ ሲያዝ የቤቱ ዕቃ እንደሚሰበር ያለ ነው። ነርቩ የተጎዳ እጅ ሙቀትና ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ በምጣድ ይቃጠላል፤ በማጭድ ይቈረጣል፤ ባለቤቱ ግን አያውቅም። ጣት የሚጎድለውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ እንጂ በሽታው ስለ በላው አይደለም። እንዲህ ያለው የነርቭ እብጠት ሲነሣ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ለሚሄድ ሰው የሚያበርድ መድኃኒት አለ። የሚዘገይ ሰው ግን የተጎዳውን ነርቭ መልሶ ላያገኘው ይችላል።

መድኃኒቱስ ምንድር ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ብዙ መድኃኒቶችን አንድ ላይ መስጠት እንዲገባ መከረ፤ በአገራችንም በ1983 ተጀመረ። እነዚህ መድኃኒቶች ሪፋምፒሲን፤ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን ይባላሉ። ምልክቱ ጥቂት የሆነ ሰው ለስድስት ወር፤ ምልክቱ የበዛ ሰው ለአሥራ ሁለት ወር ይወስዳቸዋል፤ ዋጋም አይጠየቅባቸውም። ነጭ ሕዋሳቱ ባዕዱን ማወቅ ያቃታቸው ሰው እንኳ በመድኃኒቱ ይድናል። ኢትዮጵያ በ1999 የታማሚዎቹን ቍጥር ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ለማድረስ ችላለች። ይሁን እንጂ በሽታው አልጠፋም፤ በቅርብ ዓመታትም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዳዲስ ታማሚዎች በአገሪቱ ይገኛሉ። ከእነርሱም መካከል ዕድሜያቸው እንደኛ የሆነ ልጆች አሉ።

ስለዚህ ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቻችን፤ ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እንለምናችኋለን።

አንደኛ፤ የራሳችሁንና የታናናሾቻችሁን ቆዳ በብርሃን ተመልከቱ። ከሌላው ቆዳ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፤ የማያሳክክ፤ የማያምም ቦታ ብታገኙ በጥጥ ጫፍ ዳስሱት። ጥጡ የማይሰማ ከሆነ ሳትፈሩና ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሳይሰማችሁ እጅ ወይም እግር ቢቃጠል ወይም ቢደነዝዝም እንዲሁ አድርጉ። በዚህ አገር የማይቻል ቢሆን ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የቆየ ልምድ አለው።

ሁለተኛ፤ የሰማችሁትን ለእናቶቻችሁና ለአባቶቻችሁ በቤታችሁ ቋንቋ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም፤ አስረዱ። ሰኞ ባቲ ገበያ ስትወርዱ፤ እሑድ ሰንበቴ ስትውሉ፤ ለምታገኟቸው ዘመዶች ንገሩ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚሸሽገው ጎረቤቱን ሲፈራ ነው። እኛ ካላስፈራነው አይሸሽግም።

ሦስተኛ፤ በቤታችሁ ለብቻዋ የተቀመጠች ሲኒ ብትኖር ከሌሎቹ ጋራ ደባልቋት።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ ልጆች ሽማግሌን ሊያስተምሩ ተነሡ ብላችሁ እንዳትቀየሙን። ሲኒዋን ለብቻዋ ያስቀመጣችሁት ለእኛ ስትሉ፤ እኛን ከክፉ ለመጠበቅ ብላችሁ እንደ ነበረ እናውቃለን። ወደ ትምህርት ቤት የላካችሁንም ለዚያው ነው፤ እኛም ከላካችሁን ቦታ ይዘን የመጣነው ይህን ነው።

ነጭ የደም ሕዋስ ትንሽ ነገር ነው፤ በዓይን አይታይም። ሥራው ግን የራሱን ከባዕድ መለየት ነው፤ ሳይሳሳት ሲሠራም እኛ በጤና እንኖራለን። እኛ ሰዎች ደግሞ ይህን ሥራ ስንሠራ እንሳሳታለን። እኚያ ሽማግሌ ባዕድ አልነበሩም፤ የሠፈራችን ሰው፤ ስማችንን እየጠሩ የሚመርቁን አባት ናቸው። ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአንዳችን ቤት ቡና ተፈልቶ ተጠርተው መጡ። ሲኒዎቹ ሁሉ በአንድ ረከቦት ላይ ነበሩ። የትኛው ለእርሳቸው እንደ ተቀዳ ዛሬ ብንጠየቅ አናውቀውም።